ዛቢያ ለኢርፎን

ኢርፎን ሲሞት ብዙ ጊዜ የሚሞተው በገመዱ ነው። ድምፅ የሚያወጣው ክፍል ምንም ሳይሆን፣ ገመዱ ስልክ ውስጥ ከሚሰካበት አንገት ላይ ወይም ለግራና ለቀኝ ከሚሰነጠቅበት መገንጠያ ላይ ውስጥ ለውስጥ ይበጠሳል። ሞቱ ድንገተኛ አይደለም፤ ጣሩ ይረዝማል። መጀመሪያ መንኮሻኮሽ ይጀምራል። ቀጥሎ የቀኙ ጆሮ የሚሰማው ገመዱ ወደ ላይ ሲታጠፍ ብቻ ይሆናል። በዚህ ወቅት ባለቤቱን ታክሲ ውስጥ ያየ ሰው አንገቱን ንፋስ የመታው ይመስለዋል፤ እሱ ግን ገመዱን በአውራ ጣቱ ተጭኖ፣ ጭንቅላቱን ወደ አንድ ጎን አዘንብሎ፣ ዘፈኑ እስኪያልቅ ብቻ እንዲታገሠው እየለመነ ነው። አንድ ቀን አንደኛው ጎን ጭራሽ ዝም ይላል፤ ኢርፎኑም ግንጥል ጌጥ ሆኖ ይቀራል። ይህ አነጋገር ከዚህ የተሻለ ቦታ አግኝቶ የሚያውቅ አይመስለኝም፤ ጌጡም ቦታውም ጆሮ ነውና።

ለዚህ የተገኘው መፍትሔ ቀላል ነው፤ ገመዱና ኢርፎኑ የሚነጣጠሉ ይሁኑ፣ ገመድ ሲበጠስ ነቅሎ ሌላ መሰካት። ሐሳቡ መድረክ ላይ በላብ ተጠምቀው ለሚጫወቱ ሙዚቀኞች ከሚሠሩት ኢርፎኖች ወደ ተራው አድማጭ የወረደ ነው። የአሜሪካው ሹር ኩባንያ ከ2010 ገደማ ጀምሮ (ዓመተ ምሕረቱ በዚህ ጽሑፍ ሁሉ የአውሮፓውያን ነው) በኢርፎኖቹ ላይ ያደረገው ማያያዣ ኤም-ኤም-ሲ-ኤክስ ይባላል፤ ዛሬ በብዙ ኩባንያዎች ኢርፎን ላይ ይገኛል። ይህ ማያያዣ ሲፈጠር ጆሮ የሚባል ነገር አልታሰበም። የተሠራው ለአንቴና ነው፤ እስከ 6 ጊጋኸርዝ የሚደርስ የሬዲዮ ሞገድ እንዲያሳልፍ። የሰው ጆሮ በወጣትነቱ፣ ከዘመን መለወጫ ርችት በፊት፣ የሚሰማው ቢበዛ እስከ 20 ኪሎኸርዝ ነው። ማያያዣው ጆሮ ከሚችለው 300,000 እጥፍ ይችላል ማለት ነው፤ አንድ ኪሎ ሽንኩርት ለማምጣት ተሳቢ መኪና እንደ መከራየት። በሌላ በኩል ብዙውን ጊዜ የሚሠራው 500 ጊዜ ያህል ተሰክቶ እንዲነቀል ታስቦ ነው። አንቴና አንዴ ከተሰካ ማን ይነካዋል? የኢርፎን ባለቤት ግን ሥራ የፈታ ዕለት ብቻ «ቀጭ» የሚለውን ድምፅ ለመስማት ሲል ሃያ ጊዜ ይነቅለዋል፣ ይሰካዋል።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ የሰመረ ነው። ችግሩ የሚመጣው ሁለተኛውን ገመድ የገዙ ዕለት ነው። ስሙ ያው ነው፣ ማሸጊያው ላይም ያው ስም ተጽፏል፤ ሲሰኩት ግን ሞክሼ ብቻ ሆኖ ይገኛል። ለምሳሌ የጀርመኑ ሴንሃይዘር አይ-ኢ 300፣ 600 እና 900 በተባሉት ኢርፎኖቹ ላይ ያደረገው ኤም-ኤም-ሲ-ኤክስ ነው፤ ነገር ግን ሶኬቱን ከፍ ብሎ አላስቀመጠውም፣ ጉድጓድ ውስጥ አስገብቶታል። የጉድጓዱ ስፋት 4.8 ሚሊሜትር ያህል ስለሆነ፣ አንገቱ ከዚያ የወፈረ ገመድ ጫፉ ሶኬቱን ሳይነካ ትከሻው ግድግዳው ላይ ያርፋል። ኢቲሞቲክ የተባለው ኩባንያ ደግሞ ኢአር 4 በሚባለው ዝርያው ላይ ገመዱ እንዳይሽከረከር የምትይዝ ጥርስ ጨመረበት። የጃፓኑ ኦዲዮ-ቴክኒካ ከዚህ ሁሉ ውዝግብ ለመገላገል ይመስላል፣ ኤ-2-ዲ-ሲ የሚል ለዐይን ኤም-ኤም-ሲ-ኤክስን የሚመስል የራሱን ማያያዣ አወጣ፤ ከሌላው ጋር አይገጥምም። በሌላ ሠፈር ያሉት ባለ ሁለት እግር ማያያዣዎች ናቸው። የአንደኛው ዓይነት እግር ውፍረት 0.78 ሚሊሜትር፣ የሌላው ዓይነት 0.75 ሚሊሜትር ነው። ልዩነቱ 0.03 ሚሊሜትር፣ የአንድ ጠጉር ውፍረት ግማሽ ያህል መሆኑ ነው። በዚህች ግማሽ ጠጉር ምክንያት ወፍራሙ እግር ጠባቡ ቤት ውስጥ በግድ ይገባል፣ ቤቱን ያሰፋዋል፤ በኋላ ቀጭኑ ሲመለስ የገዛ ቤቱ ሰፍቶ፣ እሱም እንደ እንግዳ እየተንገዳገደ ይኖርበታል። ባለ ቀጭን ፒንና ባለ ወፍራም ፒን የኖኪያ ቻርጀር ጎረቤት ለጎረቤት ሲዋዋስ ያየ ትውልድ ይህን ዓይነት ጣጣ አዲስ አይለውም።

እንግዲህ ገመዱ አልገጥም ያለው ሰው ምን ያድርግ? አንዳንዱ ምላጭና ሞረድ ያነሣል። ሌላው ይህን ሲያይ «ዕቃውን ሊያበላሸው ነው» ብሎ ይጮሃል። እኔ ከሞረዱ ጎን ነኝ፤ ግን ሞረዱ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ቅድመ ሁኔታ አለኝ፤ እሱንም የምወስደው ከመጥረቢያ ነው። ገበሬ ገበያ ወጥቶ መጥረቢያ ሲገዛ የሚገዛው ብረቱን ነው። ዛቢያውን ከወይራ ወይም ከሌላ ጠንካራ እንጨት ራሱ ጠርቦ ያበጃል። የብረቱ ቀዳዳ ሰፊም ይሁን ጠባብ፣ ክብም ይሁን ሞላላ፣ የሚላገው እንጨቱ ነው፤ የላላ እንደሆነ ሽብልቅ ይመታበታል። ማረሻም እንዲሁ ነው፤ ብረቱ ከብረት ሠሪ ይመጣል፣ ሞፈሩ፣ ድግሩና ቀንበሩ ከባለቤቱ መጥረቢያ ይወጣሉ። «ይህ ዛቢያ ኦሪጅናል አይደለም» ብሎ ገበሬን የከሰሰ የለም። ደግሞም ዛቢያ አልገባ ስላለው የመጥረቢያውን ቀዳዳ በሞረድ ሊያሰፋ የተቀመጠ ገበሬ ቢገኝ፣ ሽማግሌ የሚላክበት ለዕርቅ ሳይሆን ለጠበል ነው። የሚጠረበው በቀላሉ የሚተካው ወገን ነው። ዛቢያ ቢበላሽ ዛፍ አለ፤ ብረቱ ቢሰነጠቅ ግን መጥረቢያ የለም። ኢርፎን ላይም ብረቱ በጆሮ ውስጥ የሚገባው ክፍል ነው፣ ዛቢያው ገመዱ። ስለዚህ ገመዱ ይሞረድ፣ ኢርፎኑ አይነካ።

ይህ እንደ ቀላል ነገር ቢመስልም ብዙዎች የሚያጠፉት እዚሁ ላይ ነው። ገመዱ አልገባ ሲል ሰው የሚቆጣው በሶኬቱ ላይ ነው፤ ሶኬቱ ነው በሩን የዘጋው። ስለዚህ ምላጩን ወስዶ የኢርፎኑን ከንፈር መላጥ ይጀምራል። እዚያ ግን ከሶኬቱ በታች ከጠጉር የቀጠኑ ሽቦዎች አሉ፤ ከእነሱም በታች በብዙ ኢርፎን ውስጥ ማግኔት አለ። ማግኔቱ የብረት ብናኝ ሲያይ እንደ ዘመድ ነው የሚቀበለው። በሞረድ የተፋቀች አንዲት የብረት ቅንጣት በድምፅ ቀዳዳው ሾልካ ከገባች፣ ከዚያ በኋላ ቤዝ በመታ ቁጥር የምትንኮሻኮሸው እሷ ናት፤ በትንፋሽ እፍ ቢሏትም አትወጣም። ገመዱን የሚሞርድ ሰው ግን ኢርፎኑን ሌላ ክፍል ትቶት ይሠራል። የሚላጠውም ድምፅ የሚያልፍበት ወርቅ ቅብ ጫፍ ሳይሆን በዙሪያው ያለው የፕላስቲክ ወይም የአሉሚኒየም አንገት ነው። አንገቱ 5.3 ሚሊሜትር ቢሆን ወደ 4.8 ለማድረስ ከየጎኑ ሩብ ሚሊሜትር ማንሣት ይበቃል፤ ይህን ለማድረግ የጥፍር ሞረድና ጥሩ የብርጭቆ ወረቀት፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ከእያንዳንዱ ፍቂያ በኋላ ቆም ብሎ የመሞከር ትዕግሥት ያስፈልጋል። ላጩ ሊጨምር እንጂ ሊመልስ አይችልምና።

ከሞረድ አልፎ ብየዳ ውስጥ የሚገባም አለ፤ የአንዱን ገመድ ጫፍ ቆርጦ የሌላውን ጫፍ የሚተክል። ይህ ትንሽ ከፍ ያለ ሙያ ነው። የተለመደው የቆርቆሮና የእርሳስ ቅይጥ የሚቀልጠው በ183 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን፣ የአንዳንድ መሰኪያዎች ፕላስቲክ ከዚያ ዝቅ ባለ ሙቀት መለስለስ ይጀምራል። ስለዚህ መበየጃው ሦስት ሰከንድ በቆየ ቁጥር እግሮቹ እንደ ሰከረ ሰው ወደ ጎን ይዘማሉ። ያወቁበት ጠጋኞች ጫፉን ከመበየዳቸው በፊት አሮጌ ሶኬት ውስጥ ሰክተው ያቆዩታል፤ ፕላስቲኩ ቢለሰልስ እንኳ እግሮቹ ርቀታቸውን ሳይስቱ ይበርዳሉ። ሌላው ወጥመድ ሽቦው ራሱ ነው። የኢርፎን ሽቦ ብዙ ጊዜ በቀጭን ቀለም የተቀባ ስለሆነ እርቃኑን ያለ ይመስላል እንጂ ልብስ ለብሷል፤ ቀለሙ ተቃጥሎ ወይም ተፍቆ ካልተነሣ ብየዳው የተያያዘ መስሎ ሳይያያዝ ይቀራል።

ከዚያ የአቅጣጫ ጉዳይ አለ፤ ይህን ብዙ ሰው አይጠረጥርም። ሁለቱ እግሮች አዎንታዊና አሉታዊ ናቸው፤ በአንዱ ጆሮ ላይ ቢገለበጡ ድምፁ አይጠፋም፣ ይባስ ብሎ ይሰማል። አንደኛው ጆሮ አየሩን ሲገፋ ሌላው ይስባል፤ ቤዙ ይሟሽሻል፣ ዘፋኙ መሐል መቆሙን ትቶ በሁሉም በኩል የቆመ ይመስላል። ሴንሃይዘር ኤችዲ 600 በተባለው የጆሮ ማዳመጫው ላይ ይህን አስቀድሞ አስቦበት አንዱን እግር ወፍራም ሌላውን ቀጭን አድርጎታል፤ ገልብጦ ልሰካ ያለ ሰው እጁን ነው የሚያደክመው። በሌሎቹ ግን ለገመድ ሰኪው አእምሮ የተተወ ነው፤ ኪው-ዲ-ሲ የሚባለው ዓይነት ጭራሽ የሁለቱን እግሮች ተራ ከተለመደው ገልብጦ ነው የሚሠራው። ቴስተር ያለው ይለካ፤ የሌለው ቤዝ ጊታሩ የጎላ አንድ ዘፈን ይክፈትና አንዱን ጎን ገልብጦ ያወዳድር። በየትኛው እንደሚሞላ ጆሮው ይነግረዋል።

አሁን ወደ ተቃዋሚዎቹ ልምጣ። ከሁሉም የሚከብደው እንዲህ የሚለው ነው፤ «ኩባንያው ሶኬቱን ጉድጓድ ውስጥ ያስገባው በምክንያት ነው፤ ጥርስ የጨመረውም በምክንያት ነው። አንተ በጥፍር ሞረድ መሐንዲስ ልታርም ነው?» እውነት ነው፣ ምክንያት አለው። ኤም-ኤም-ሲ-ኤክስ በተፈጥሮው እንደ ወፍጮ የሚዞር ነው፤ በዞረ ቁጥር ብረት ከብረት ይፋቃል፣ ሲሰነብት ይላላል፣ ይንኮሻኮሻል። ጉድጓዱ ገመዱን ከጎን ደግፎ ይይዘዋል፤ ጥርሷ መሽከርከሩን ትከለክላለች። ይህ ሁሉ ግን የሚመሰክረው ኢርፎኑን ለሚላጠው ሰው ሳይሆን በእሱ ላይ ነው። የኢርፎኑን ከንፈር የቆረጠ ሰው ድጋፉን አፍርሷል። የገመዱን አንገት ያቀጠነ ሰው ግን ገመዱን መሐንዲሱ ወደ ቆፈረው ጉድጓድ አስገባው፤ ልክ ሆኖ የተሞረደ አንገት ከግድግዳው ጋር ተሳስሞ ስለሚቀመጥ ድጋፉን ያገኛል። ሞራጁ ከመሐንዲሱ ጋር አልተጣላም። የሰጠውን ልክ አንብቦ ታዟል እንጂ።

«ታዲያ ለምን ኦሪጅናሉን ገመድ አይገዛም? ጋራንቲውስ?» የሚል አለ። ኦሪጅናሉን ያገኘና የቻለ ይግዛ፤ ቅዳሜውን ፍቅፋቂ ሲተነፍስ ከሚውል ይሻላል። ነገር ግን የኩባንያ ገመድ በርካሽ አይሸጥም፤ እዚህ አገር ላለ ሰው ደግሞ ዋጋው ከመክበዱ በፊት መገኘቱ ራሱ ጥያቄ ነው። ከዱባይ ወይም ከዋሽንግተን በመንገደኛ ሻንጣ፣ ካልሲ ውስጥ ተጠቅልሎ የመጣ ኢርፎን ጋራንቲው ከነደረሰኙ ባሕር ማዶ ቀርቷል። ጋራንቲ ላለውም ቢሆን ነገሩ አይለወጥም። ኢርፎኑ ካልተነካ ኢርፎኑ ላይ ያለው ውል አልተነካም፤ የተሞረደው ገመድ ደግሞ መጀመሪያውኑ የሌላ ኩባንያ ስለሆነ ማንም ሊምልለት አልቆመም። ዛቢያው ይጠረብ ማለት በዚህም ያዋጣል። ድምፁ ይበላሻል የሚለውን ስጋት ቶሎ ልለፈው፤ የተላጠው አንገት ኤሌክትሪክ የሚሄድበት መንገድ አይደለም፤ ልብስ ያሳጠረ ሰው ድምፁ እንደማይቀጥነው ማለት ነው።

ከእነዚህ ይልቅ እኔን ትንሽ የሚያስጨንቀኝ የሥርዓት ወዳዱ ክርክር ነው። «እያንዳንዱ ሰው ሞረድ ይዞ ከሚቀመጥ መንግሥታት አንድ ልክ ያውጡ፣ ሁሉም ይገጥም» ይላል። የሚጠቅሰውም ጥሩ ምስክር አለው። እ.ኤ.አ. በ1904 የካቲት ወር ባልቲሞር ከተማ ስትነድ ከዋሽንግተን፣ ከፊላደልፊያና ከኒው ዮርክ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ደረሱላት፤ ብዙዎቹ ግን ያመጡት ቱቦ ከባልቲሞር የውኃ መክፈቻ ጋር አልገጥምም አለ። ውኃው አለ፣ ቱቦው አለ፣ ሰው አለ፤ የጠፋው የጥርሱ ልክ ነው። ከ1,500 በላይ ሕንፃዎች ተቃጠሉ። ከዚያ በኋላ አገራዊ ልክ ወጣ። ሆኖም ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ2004፣ ከአሜሪካ 48 ትልልቅ ከተሞች ያንን ልክ መክፈቻዎቻቸው ላይ ያዋሉት 18ቱ ብቻ ነበሩ። እሳት ያየ ሕዝብ በመቶ ዓመት እዚህ ከደረሰ ዘፈን የሚያዳምጥ ሕዝብ መቼ ይደርሳል? የአውሮፓ ኅብረት ከታኅሣሥ 28 ቀን 2024 ጀምሮ ስልኮችና ባትሪ ያላቸው የጆሮ ማዳመጫዎች በታይፕ ሲ ቻርጅ እንዲደረጉ አስገድዷል፤ ደግ አደረገ። ሕጉ የሚናገረው ግን ስለ ቻርጅ ነው፤ ኢርፎኑና ገመዱ የሚጋጠሙባትን የ4.8 ሚሊሜትር ጉድጓድ አያውቃትም።

ደግሞም አንድ ልክ መኖሩ ብቻውን መግጠም ማለት አይደለም። 3.5 ሚሊሜትሩ ክብ ጃክ ከትራንዚስተር ሬዲዮ ጀምሮ በዎክማን በኩል አልፎ እያንዳንዱ ስልክ ላይ የደረሰ፣ ዓለም ከተስማማባቸው ጥቂት ነገሮች አንዱ ነበር። ቁመቱም ውፍረቱም አንድ ነው። ማይክሮፎን ሲጨመርበት ግን ስልክ ሠሪዎች የመሬትና የማይክሮፎን ቀለበቶችን ተራ በሁለት ዓይነት ደረደሩት፤ አሮጌ ኖኪያዎች በአንዱ፣ አይፎንና ከእሱ በኋላ የመጡት በሌላው። ጃክ ሙልጭ ብሎ ይገባል። ዘፈኑ ሲከፈት ግን ዘፋኙ የለም። ሁለቱ ጆሮዎች የሚጋሩትን መሬት ስላጡ የሚሰማው በግራና በቀኝ መካከል ያለው ልዩነት ብቻ ነው፤ መሐል ላይ የቆመው ዘፋኝ በሁለቱም ጎን እኩል ስለሆነ ተጣፍቶ ይጠፋል፣ ማሲንቆውና ጭብጨባው ግን እሩቅ ይሰማሉ። የማይክሮፎኑን ቁልፍ ተጭነው ሲይዙት ዘፋኙ ከሞት ይነሣል፤ ሲለቁት ወደ ሞቱ ይመለሳል። ብዙ ሰው ይህን የሠፈር ሱቅ ኢርፎን ክፋት አድርጎ ሲረግም ኖሯል፤ ጥፋቱ ግን የሁለት ሕጋዊ ልኮች ነበር። (ትልቅ ነገር ላይ ቢደርስ ሞረድም አያድንም፤ የቀድሞው የጅቡቲ ባቡር ሐዲድ ስፋቱ 1 ሜትር፣ የአዲሱ 1.435 ሜትር ነው፤ 435 ሚሊሜትር በጥፍር ሞረድ አትገኝም።)

የመጨረሻው ተቃዋሚ ገመድ የሚባል ነገር ሁሉ የቀረበት ነው፤ አፕል እ.ኤ.አ. በ2016 ከአይፎን 7 ላይ ጃኩን ካነሣ ወዲህ ቁጥሩ በዝቷል። ጆሮው ላይ ሁለት ነጭ ፍሬ ሰክቶ «የሚበጠስ የለኝም» ይላል። ልክ ነው፤ ግን ባትሪ አለው፤ ባትሪው ደግሞ ብዙውን ጊዜ በሙጫ ታሽጎ ከነኢርፎኑ የሚያረጅ ነው። ይህ ዛቢያው ከብረቱ ጋር አብሮ የቀለጠ መጥረቢያ ነው። ሲሠራ ያምራል፤ ዛቢያው ሲሰበር ብረቱን ይዞት ይሄዳል። ገመዱን ሞርዶ የሚያስገባ ሰው ቢያንስ ያንን ብረት ያተርፋል።

እንግዲህ ተሞረደ፣ ተሞከረ፣ «ቀጭ» ብሎ ገባ እንበል። ቤዙ ሞላ፣ ዘፋኙ መሐል ቆመ። እዚህ ላይ ሞራጁ አንድ ነገር ያስተውላል። የቀኝና የግራ ምልክት፣ ያቺ ቀይ ነጥብ፣ የተጻፈችው አንገቱ ላይ ነበር፤ አሁን ብርጭቆ ወረቀቱ ላይ ናት። ብዙ ኢርፎን ሠሪዎች ቀዩን ለቀኝ ስለሰጡ መፍትሔው አንዲት ጠብታ ቀይ የጥፍር ቀለም ነው። የጥፍር ቀለም ግን የሴቶቹ ሣጥን ውስጥ ነው ያለው፤ ሄዶ መለመን፣ ከዚያም ማታ በሦስት ሰዓት አንድ ጎልማሳ ሰው ለምን እንደፈለገው ማስረዳት ይቀረዋል።